«በልቻለሁ» ያለ እንግዳ ንቋል ወይስ ዋሽቷል?

በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ ስለ እንግዳ አቀባበል ሲወራ ሁለት እምነቶች አይጠፉም። አንደኛው፣ የቀረበን አለመቀበል ባለቤቱን መናቅ ነው ይላል፤ ሁለተኛው፣ የእንግዳ የመጀመሪያ «በልቻለሁ» ይሉኝታ እንጂ እውነት አይደለም ይላል። ሁለቱ ሲገጥሙ እንግዳው መውጫ ያጣል፦ እምቢ ካለ ናቀ፣ ምክንያት ከሰጠ ዋሸ። የገዛ ንግግራችንን ላስተዋለ ግን እምነቶቹ አይጸኑም።

«እንብላ» የምትለውን ቃል እንያት። ማዕድ ላይ ያለ ሰው በአጠገቡ ለሚያልፍ ሁሉ ይላታል፤ አላፊውም «ብሉ፣ ይባረክ» ብሎ መንገዱን ይቀጥላል፤ የሚቀየም የለም። ፖርቱጋልኛ ተናጋሪዎችም እየበሉ ሰው ሲመጣባቸው «ኤ ሰርቪዱ?» ብለው ይጋብዛሉ፤ ተጋባዡ «ኦብሪጋዱ» ብሎ መልካም ምግብ ይመኛል። ብቻዋን የተባለች ያቺ ምስጋና «ይቅርብኝ» ማለት መሆኗ ግልጽ ነው። የእኛም «እግዜር ይስጥልኝ» እጅን ደረት ላይ አድርገው ሲሏት ሥራዋ ይኸው ነው። ደግሞስ «በሞቴ» እና «አፈር ስሆን» ለምን ተፈጠሩ? አስተናጋጇ እምቢታ እንደሚመጣ አስቀድማ ስለምታውቅ ነው። እምቢታ ስድብ ቢሆን ኖሮ መልሱ ኩርፊያ እንጂ ልመና ባልሆነ።

«ልመናው መኖሩ ራሱ የመጀመሪያው እምቢታ የምር እንዳልሆነ ያሳያል» የሚል ይኖራል። በከፊል ልክ ነው። «በልቻለሁ» ብቻውን በሩን ገርበብ አድርጎ ይተዋል፤ «ጾመኛ ነኝ» ወይም «ሐኪም ከልክሎኛል» ግን ይዘጋዋል። ልዩነቱን እየሰሙ መለመን መቀጠል ደግነት መሆኑ ቀርቶ ጫና ይሆናል።

በጉራጌ ቤት የአስተናጋጇ ድካም እንደሚከብድ አልክድም። ቆጮው ከዓመታት እድገት በኋላ ከተፋቀ እንሰት ወጥቶ፣ ጉድጓድ ውስጥ ተብላልቶ ነው የሚቀርበው፤ ክትፎውም በተነጠረ ቅቤ፣ በሚጥሚጣና በኮረሪማ የተለፋበት ነው። ይህን ሳይነኩ መነሳት ያሳዝናታል። ነገር ግን ጽኑ ምክንያቶች የሚበዙትም እዚሁ ክትፎ ላይ ነው። ኦርቶዶክሱ ረቡዕና ዓርብን፣ በሁዳዴ ደግሞ 55 ቀን ሥጋና ቅቤ አይቀምስም። በሁለቱም ከተሞች ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ጎረቤት ነው፤ አንዱ ሌላው ያረደውን አለመብላቱ ወዳጅነታቸውን አላፈረሰም፤ ይልቁንም ሰርግ ሲደግሱ ለየብቻ አርደው ለየብቻ ማብሰልን አስለምዷቸዋል። አክብሮት ማለት ለእኔ ይህ ነው፤ የእንግዳን እምቢታ ቀድሞ አስቦ መዘጋጀት። ጤናም አለ፦ ጥሬ ሥጋ ኮሶ ያስይዛል፣ ለብለቡም አያስተማምንም። ስለዚህ «የበሰለ ይሁንልኝ» ማለት የቤቱን ሙያ መንቀፍ አይደለም።

የሚያስቀይመው እምቢታው ሳይሆን ባዶነቱ ነው፤ ያለ ምርቃት፣ ያለ ምክንያት፣ ምንም ሳይቀምሱ መነሳት። ክትፎ ያልቻለ ጎመን ይቀምሳል፤ እሱም ካልሆነ ቡና አለ። አቦልን ጠጥቶ ቶናና በረካን መቆየት የማይችል ሰው ግን፣ ሁለተኛው ሲኒ ከመቀዳቱ በፊት መርቆ አስፈቅዶ ይነሳ፤ የተቀዳ ሲኒ መመለስ ከሁሉም ይከብዳልና።