ወንድማማችነት የሚመዘነው በሕያዋን መካከል ነው

ስለ ወንድማማችነት በስብሰባ መናገር ላብ አያስወጣም። የሰው ጠባይ በእውነት የሚፈተነው አዛዥም ሆነ አጨብጫቢ በሌለበት ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት የጎረቤቱን ሸክም በገዛ ፈቃዱ የሚጋራ ሰው የኅብረተሰቡ ምሰሶ ነው።

ሕዝባችን ለዚህ ዓይነቱ ተግባር እንግዳ አይደለም። ገበሬው በወንፈል ተራ በተራ አንዱ የሌላውን ማሳ ያርማል፤ በደቦ ተጠራርቶ አዝመራ ይሰበስባል። በከተማ ደግሞ ሠራተኛውና የሰፈሩ ነዋሪ ያቋቋሙት እድር አለ። በአዲስ አበባ እድር በስፋት የተስፋፋው ከጣሊያን ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) ወዲህ ነው። ሞት በደረሰ ጊዜ ድንኳኑ ይተከላል፤ አግዳሚ ወንበሩ ይደረደራል፤ ብረት ድስቱ ይጣዳል። ያለውም የሌለውም በአንድ ድንኳን ሥር ትከሻ ለትከሻ ይቀመጣል።

ይሁን እንጂ አንድ ጥያቄ ማንሳት ተገቢ ነው። የጎረቤታችንን አስከሬን ተሸክመን የምንሸኝ እኛ፣ በሕመም አልጋ ላይ ሳለ ስንት ጊዜ በሩን አንኳኳን? ቀባሪ አለመታጣቱ የሚያኮራ ነው፤ አስታማሚ መታጣቱ ግን የሚያሳፍር ነው።

ከቀብር የቀረ አባል መቀጮ እንዲከፍል የሚደነግገው ደንብ የወጣው ሰውን ወደ ሰው ለማቅረብ ነበር። ዛሬ ግን መቀጮውን አስቀድሞ አስልቶ፣ ከፍሎ መቅረትን እንደ መብት የሚቆጥር አይጠፋም። ገንዘብ ወንበር ይከራያል፤ ኀዘንተኛን ግን አያጽናናም። ይህ በደንብ ሽፋን የሚኖር ግለኝነት ነው።

«እድር ለቀብር እንጂ ለሌላ አልተቋቋመም» የሚሉ አሉ። ታሪኩ የሚያስተምረው ከዚህ የተለየ ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. የኤች አይ ቪ ኤድስ ወረርሽኝ ብዙ ቤት ባንኳኳ ጊዜ፣ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች በርካታ እድሮች ሥራቸውን ከቀብር አልፈው አስፍተዋል። ሕሙማንን መርዳትና ወላጆቻቸውን ያጡ ሕፃናትን መደገፍ ጀምረዋል። የቀብሩ ብዛት ራሱ አስተማሪ ሆኗል፤ መዋጮው ሁሉ ለሞት ከዋለ ለሕይወት የሚተርፍ እንደሌለ አባላቱ ተረድተዋል።

ለዚህ ሥራ ትልቅ ካዝና አያስፈልግም። ከፋብሪካ የተመለሰ ሠራተኛ ለአንዲት አሮጊት አንድ ባልዲ ውኃ ሊቀዳ ይችላል። ተማሪው ለጎረቤቱ ልጅ ፊደል ሊያስቆጥር፣ ግንበኛው ከክረምቱ በፊት የሚያፈስ ጣሪያ ሊደፍን ይችላል። ዋናው ቁም ነገር አንድ ቀን በብዙ ጩኸት ጀምሮ በማግስቱ መጥፋት ሳይሆን፣ በጸጥታ መዝለቅ ነው። ለታይታ የሚሠራ ሰው ተመልካቹ ሲበተን አብሮ ይበተናል።

እንግዲህ የየሰፈሩ ነዋሪዎችና የየመሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች በሚመጣው የወር ስብሰባ ከመዋጮው መዝገብ ጎን አንድ ሌላ መዝገብ ይክፈቱ። በዚህ ወር የታመመው፣ ሥራ የፈታው፣ ጧሪ ያጣው ማን ነው? ስሙ ይጻፍ፤ ጠያቂውም በተራ ይመደብ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንዲሉ፣ ድንኳኑ ከመተከሉ በፊት በሩ ይንኳኳ!