በምድር ወገብ ላይ የሚያልቀው በረዶና የተራራው ጎጆ

ሰማዩ በጠራ ጧት ከናይሮቢ ወደ ሰሜን ለሚመለከት ሰው የኬንያ ተራራ ጫፍ ከሩቅ ይታያል። ከከተማይቱ ዳርቻ በካሳራኒ ደግሞ በ1975 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቈጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉትም እንዲሁ) የተቋቋመ፤ ኢትዮጵያም አባል የሆነችበት የመንግሥታት የጋራ የካርታ ሥራ ማዕከል ይገኛል። ተግባሩ በሳተላይት የሚነሣውን ሥዕል መርምሮ የደኑን፤ የእርሻውንና የውሃውን ሁኔታ ለአባል መንግሥታት ማስታወቅ ነው። ይሁን እንጂ የተራራው በረዶ ታሪክ የታወቀው ከሰማይ በተነሣ ሥዕል ብቻ ሳይሆን፤ በእግራቸው ወጥተው በበረዶው ላይ በሠሩ ሰዎች ድካም ጭምር ነው።

በምድር ወገብ አጠገብ በረዶ መኖሩን ለአውሮፓ ካስታወቁት አንዱ፤ አስቀድሞ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን በሸዋ የተቀመጠው ሚሲዮናዊ ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ ነው። ተራራውን በ1849 ከኪቱይ አገር ሆኖ ቢያይም፤ በጊዜው የነበሩ አንዳንድ ሊቃውንት ቃሉን ሳይቀበሉት ቀሩ። በ1893 ጆን ግሪጎሪ እስከ በረዶው ድረስ ወጣ፤ በ1899 ደግሞ ሃልፎርድ ማኪንደር ከሁለት የአልፕስ መንገድ መሪዎች ጋር 5199 ሜትር ከፍታ ያለውን ባቲያን የተባለውን ጫፍ ረገጠ።

የበረዶው ሥራ አኳኋን እንዲህ ነው። በበረዶው ውስጥ ጉድጓድ እየተበሳ ረዥም ካስማ ይተከላል፤ ከወራት በኋላ ከበረዶው በላይ ብቅ ያለው ርዝመት ሲለካ የቀለጠው መጠን ይታወቃል። አዲስ የወረደውም ተቈፍሮ ይመዘናል። ነጋዴ ገቢና ወጪውን በመዝገብ እንደሚያስተያይ ሁሉ፤ የበረዶውም ሒሳብ በየዓመቱ ይዘጋል። ሒሳቡ ግን ኪሣራ ሆኖ ተገኝቷል፤ ሉዊስ የተባለው የበረዶ ግግር ከ1934 እስከ 2010 ባለው ጊዜ ከስፋቱ 79 በመቶ፤ ከጠቅላላ መጠኑ 90 በመቶ ያህል አጥቷል። ምክንያቱም የአየሩ መሞቅ ብቻ አይደለም፤ ዝናቡና ደመናው ሲያንስ አዲስ በረዶ ስለማይለብስ፤ የጠቈረው አሮጌው በረዶ የፀሐይን ሙቀት አብዝቶ ይቀበላል።

በዚሁ በረዶ አጠገብ በ4790 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ «የኦስትሪያ ጎጆ» የተባለ መጠለያ ቆሟል። ጎጆው በ1970 ከባቲያን ጫፍ አጠገብ ወድቆ እግሩ የተሰበረው ኦስትሪያዊ ሐኪም ጌርት ዩድማየር በኬንያና በኦስትሪያ ተራራ ወጪዎች ርዳታ ከዳነ በኋላ፤ ለውለታው መታሰቢያ እንዲሆን በኦስትሪያ ገንዘብ የተሠራ ነው። በደቡብ ዋልታ አገር፤ በኬፕ ኤቫንስ፤ የካፒቴን ስኮት ጓዶች በ1911 ያቆሙት የእንጨት ቤትም እስከ ዛሬ አለ። ወደዚያ በባሕሩ በረዶ ላይ የሚሻገሩ ሠራተኞች ውፍረቱን እየበሱ ለክተው ይሄዳሉ፤ ቤቱንም ብርዱና የጠጋኞች እጅ ጠብቀውታል። በኬንያ ግን ጎጆው ሲቀር በረዶው እየሄደ ነው።

በረዶው ካለቀ ወንዞቹም ይደርቃሉ ብሎ የሚሠጋ ብዙ ነው። ሥጋቱ ያለ ምክንያት ባይሆንም፤ ትክክለኛ ቦታው ሌላ ነው። የቀረው በረዶ እጅግ ጥቂት ስለሆነ ለወንዞቹ የሚሰጠው ውሃ አነስተኛ ነው፤ ማሲንጋንና ሌሎቹን የኤሌክትሪክ ግድቦች የሚሞላውን የጣና ወንዝ የሚመግበው በተራራውና በአበርዴር ላይ የሚወርደው ዝናብ፤ ይህንንም ይዞ ቀስ በቀስ የሚለቀው ደን ነው። ለዚህም ምስክር በኢትዮጵያ አለ። በስሜን ተራሮች ላይ በጥንት ዘመን የበረዶ ግግር እንደ ነበረ የድንጋዩ ምልክት ያሳያል፤ ያ በረዶ ከጠፋ ሺህ ዓመታት ቢያልፉም፤ የስሜንን ውሃ የሚቀበለው ተከዜ በክረምቱ ዝናብ እየተመገበ ይፈሳል።

እንግዲህ በረዶውን ማቆየት ለአንድ አገር መንግሥት ብቻ የሚቻል ነገር አይደለም፤ ደኑን ከመጥረቢያና ከእሳት መጠበቅ ግን በየአገሩ አስተዳዳሪ እጅ ያለ ሥራ ነው። የሉዊስ በረዶ መዝገብ የሚያስተምረውም፤ ያልተለካ ሀብት እስኪያልቅ ድረስ ጕድለቱ የማይታወቅ መሆኑን ነው።