ጀምረው ያልጨረሱት

የክትባት ሽፋን ዝቅ ያለበት ወረዳ ስብሰባ ከተቀመጠ «ኅብረተሰቡ ግንዛቤ የለውም» የሚል ሰው አይጠፋም። ከነርስነት ወደ ኅብረተሰብ ጤና ምርምር የተሻገረችው ባለሙያ ይህን መስማት ሰልችቷታል። በጤና ጣቢያ ክትባት ክፍል ስትሠራ፣ ሕፃን አዝለው የግማሽ ቀን መንገድ በእግር የመጡ እናቶችን ተቀብላለች። ግንዛቤ የሌለው ሰው ይህን ያህል አይለፋም።

አኃዙም ያግዛታል። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ12 እስከ 23 ወር ዕድሜ ካላቸው 100 ሕፃናት 73ቱ ሦስት ጊዜ ከሚሰጠው፣ አምስት በሽታዎችን ከሚከላከለው ፔንታ ክትባት የመጀመሪያውን ወስደዋል፤ ሦስተኛው ላይ የደረሱት 53 ናቸው። መሐል ላይ የቀሩት ልጆች እናቶች ክትባትን የጠሉ አይደሉም፤ ቢያንስ አንዴ መጥተው አስከትበዋል። ታዲያ ምን መለሳቸው?

አንዱን ምክንያት ነርስ ሳለች በእጇ ይዛዋለች፦ የኩፍኝ ክትባት ብልቃጥ። ባብዛኛው ለ10 ሕፃናት የሚሆን ዱቄት ነው፤ በማሟሟያው ከተበጠበጠ ከ6 ሰዓት በላይ አይቆይም፣ የተረፈው ይደፋል። የሳንባ ነቀርሳው ክትባት ቢሲጂም እንዲሁ ነው፤ የእሱ ብልቃጥ እንዲያውም ለ20 ነው። ፈሳሹ ፔንታ ግን ቅዝቃዜው ከተጠበቀለት ተከፍቶም እስከ 28 ቀን ያገለግላል። እንግዲህ አንዲት እናት ዘጠኝ ወር የሞላው ልጇን ይዛ ብቻዋን ጤና ኬላ ብትደርስ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ምን ታድርግ? ለአንድ ልጅ ከፍታ የዘጠኙን ብትደፋ ብክነት ተብሎ ሪፖርት ውስጥ ይገባል። «ማክሰኞ ነይ፣ ሌሎችም ይመጣሉ» ብላ ብትሸኛት ግን የትም አይጻፍም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ሕፃንም ቢሆን ብልቃጡ ይከፈት ይላል። ሠራተኛዋን የሚገመግማት ግን የዓለም ጤና ድርጅት ሳይሆን ተቆጣጣሪዋ ነው፤ ማን ይፈርድባታል?

መጠይቆችም ይህን አያወጡትም። «ለምን አላስከተብሽም?» የተባለች እናት «ረሳሁት» ትላለች። ነጭ ጋዋን ከለበሰ ሰው ፊት ጤና ኬላውን መክሰስ ማን ይደፍራል? ስለዚህ ተመራማሪዋ ጥያቄውን ለውጣዋለች፦ «መጨረሻ የሄድሽ ዕለት ምን ገጠመሽ?» ያኔ ወሬው ይፈታል። በር ተዘግቶ ነበር፤ ክትባት አልቆ ነበር፤ ካርዱ ጠፍቶ ተቆጥተዋት ነበር።

አርብቶ አደሩ ዘንድ ደግሞ ችግሩ ይደራረባል። በዚያው የ2008ቱ ጥናት መሠረታዊ ክትባቶችን በሙሉ ያገኙት ሕፃናት በአዲስ አበባ 89 በመቶ ሲሆኑ በአፋር 15 በመቶ ነበሩ። ፕሮግራሙ ልጁን በ6፣ በ10ና በ14 ሳምንቱ፣ ከዚያም በ9 ወሩ ይጠብቀዋል። ቤተሰቡ ግን ሣርና ውኃ ተከትሎ ይጓዛል፤ የልጁ መዝገብ አንድ ቀበሌ ላይ ተቀምጦ ይቀራል። አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ዳጉ ይቀመጣሉ፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ገበያው፣ ስለ በሽታው ወሬ ይለዋወጣሉ። የክትባት ቡድን የሚመጣበትን ቀን ለማሰማት ከዚህ የፈጠነ መንገድ የለም። ችግሩ ዳጉ «መጡ፣ ክትባቱ አለቀባቸውና ተመለሱ» የሚለውንም እኩል ማድረሱ ነው።

ባለሙያዋ ደጋግማ የምታነሣው የቻድን ልምድ ነው። እዚያ በተጠኑ ተንቀሳቃሽ አርብቶ አደሮች ዘንድ ከልጆቹ ይልቅ የተከተቡት ከብቶች በልጠው ተገኙ፤ ክትባቱን የጨረሰ አንድም ልጅ አልነበረም። ከ2000 እስከ 2005 እ.ኤ.አ. የእንስሳት ሐኪሞችና የጤና ሠራተኞች መኪናውንና ማቀዝቀዣውን ተጋርተው አብረው እንዲወጡ ተደረገ፤ ሰውም ከብትም በአንድ ጉዞ ተከተበ፣ ወጪውም ቀነሰ። ሁለት መሥሪያ ቤቶች በአንድ መኪና መሳፈራቸው ይህን ያህል ሲያስገርም ትንሽ ያሳዝናል።

የእሷ ጥያቄ ከዚህም ያነሰ ገንዘብ ይፈልጋል። የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤቶች በወርኃዊ ሪፖርታቸው ላይ አንድ መስመር ይጨምሩ፦ በዚህ ወር ጤና ኬላ መጥተው ሳይከተቡ የተመለሱ ሕፃናት ስንት ናቸው?