ግማሽ ስሟ የተሸፈነ ካርቶን

ነሐሴ ነበር። መብራት ጠፍቶ፣ ጎንደር ባለው የጭነት መጋዘናችን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ በእጅ ስልክ ባትሪ ብርሃን መኪና እየጫንን ነው። አዲስ አበባ ያለ ልጅ ለእናቱ የላካት አንዲት ትንሽ ካርቶን በዚያ ሌሊት በእጃችን አለፈች። ውስጧ በአፍ የሚሳብ የአስም መድኃኒት ነበር። መድረሻዋ ጃናሞራ፣ መካነ ብርሃን ነው። እኛ ግን ወደ ደቡብ በሚሄደው አይሱዙ ላይ ጭነን እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ አወረድናት። ጎንደር ተመልሳ፣ ደባርቅ ወጥታ፣ ከ4000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የቧሂት ተራራ ማለፊያ ተሻግራ እናትየው እጅ እስክትገባ 9 ቀን ፈጀባት።

ልጁ ሲደውል አልተቆጣም። «ወንድሜ፣ እናቴ ሌሊቱን ቁጭ ብላ ነው የምታነጋው» አለኝና ዝም አለ። ያ ዝምታ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

እኔም ብዙ የመጋዘን ኃላፊ የሚያደርገውን አደረግሁ። የዚያን ሌሊት ጫኝ ጠርቼ የቀን ሒሳባቸውን ቆረጥሁባቸው። በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰው ናቸው። «ልጄ፣ ያልታየኝን እንዴት ላንብብ?» ብለውኝ ወጡ። ነገሩ የገባኝ ካርቶኗ ከእስቴ ስትመለስ ነው። ላይዋ ላይ የሚነበበው «መካነ» የሚለው ብቻ ነበር። ሁለተኛው ቃል ሁለት ዙር በተጠመጠመ ቡናማ ፕላስተር ተሸፍኗል። ፕላስተሩን የጠመጠመው ደግሞ የእኛው የመቀበያ መስኮት ነው። ገንዘባቸውን መለስሁ፤ በጓዶቻቸው ፊትም ይቅርታ ጠየቅኋቸው።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር አጥብቄ አምናለሁ። መኪናው በር ላይ የምናየው ስህተት አብዛኛውን ጊዜ ቀደም ብሎ የተሠራ ነው፤ ስሙ ሲጻፍ፣ ዕቃው ሲደረደር፣ ሰው ሲጣደፍ። ጫኙ የመጨረሻው እጅ ስለሆነ ብቻ ጥፋቱ ሁሉ እርሱ ላይ ይቀራል።

ከስሙ ልጀምር። በአገራችን መካነ ብርሃን፣ መካነ ኢየሱስና መካነ ሰላም አሉ። ደብረ ታቦር፣ ደብረ ማርቆስና ደብረ ብርሃንም አሉ። በእኛው መስመር ላይ ዳባትና ደባርቅ ተከታትለው ይመጣሉ። በችኮላ በማርከር የተጻፈ «ዳባ…» እና «ደባ…» በደብዛዛ ብርሃን የሚለያዩት በአንዲት ትንሽ እግር ነው። አካባቢያችን በሦስት ዞን ከተከፈለ ወዲህ ደግሞ ሌላ መዘዝ ተጨመረ። ደባርቅ የሰሜን ጎንደር፣ ጎንደር የማዕከላዊ ጎንደር፣ ገንዳ ውሃ የምዕራብ ጎንደር ዞን መቀመጫ ሆነዋል። ብዙ ላኪ ግን ዛሬም በድሮው ልማድ «ሰሜን ጎንደር፣ ገንዳ ውሃ» ብሎ ይጽፋል። ዞኑን ብቻ አይቶ የሚለይ ሠራተኛ የገንዳ ውሃን ዕቃ ወደ ደባርቅ ክምር ይወረውራል። ቆላ የሚጠበቀው ዕቃ ደጋ ወጥቶ ያድራል።

የሰው ስምም እንደዚያው ነው። በአንድ ጭነት ሁለት አበበ ከበደ ቢገጥሙ አይደንቅም። ጸሐይ፣ ፀሐይና ፀሀይ ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን ሦስት ሰዎች ናቸው። የቤት ቁጥርና የመንገድ ስም ይዞ የሚመጣ ዕቃም እምብዛም አናይም። የምናገኘው «ከቤተ ክርስቲያኑ በታች፣ ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት» የሚል ነው። ስለዚህ ስም ብቻውን አድራሻ አይሆነንም። አሁን የከተማው ስም ሳይቆረጥ፣ ከጎኑ ወረዳው፣ ከሥሩ የተቀባዩ ስልክ የመጨረሻ አራት ቁጥሮች በትልቁ ይጻፋሉ። ጽሕፈቱ በካርቶኑ ሁለት ጎን ይደገማል። ፕላስተር የሚጠመጠመውም ከመጻፉ በፊት ነው። ይህች የቅደም ተከተል ለውጥ አንዲት ሳንቲም አላስወጣችንም።

ቀጥሎ ወለሉ ነው። ከጎንደር የሚወጣው ጭነታችን ሦስት መንገድ አለው። አንደኛው በወገራ በኩል ወደ ደባርቅ ይወጣል። ሌሎቹ ሁለቱ አዘዞ ድረስ አብረው ወርደው ይለያያሉ፤ አንዱ ወደ ባሕር ዳር፣ አንዱ ወደ መተማ። ድሮ ዕቃው ሁሉ መሐል ላይ ይከመርና ጫኙ ከክምሩ እየመረጠ ይጭን ነበር። መንገድ ተዘግቶ የሰነበተ እንደሆነ የሦስቱም መስመር ዕቃ እርስ በርሱ ይደባለቅ ነበር፤ መንገድ በተከፈተ ማግሥትም ስህተቱ ይበረታ ነበር። አሁን ወለሉ በነጭ ቀለም በሦስት ተከፍሏል። ለደባርቅ መስመር ሦስት ማዕዘን፣ ለባሕር ዳር ክብ፣ ለመተማ አራት ማዕዘን ሣልንበት። ቀለም ብቻ ያልመረጥነው በስልክ ባትሪ ብርሃን ቀለም ስለሚያታልል ነው። ማንበብ የሚከብደው ሰው ደግሞ ቅርጹን ከማንም እኩል ይለያል።

የመኪናውን ሆድ አደራደር ያስተማሩኝ ያን ጊዜ ሒሳባቸውን የቆረጥሁባቸው ሽማግሌ ናቸው። በወጣትነታቸው በአጋሰስ ዕቃ ያመላልሱ ነበር። «በቅሎ ላይ ስንጭን መጨረሻ የሚወርደው መጀመሪያ ይጫናል፤ ግራና ቀኙም ይመዘናል፤ ያለዚያ ዳገቱ ላይ ኮርቻው ይዞራል» አሉኝ። የእኛ መኪና አምባ ጊዮርጊስን፣ ዳባትን፣ ደባርቅን አልፎ ሊማሊሞን ወርዶ አዲ አርቃይ ይደርሳል። እንግዲህ የአዲ አርቃይ ዕቃ ከሁሉ በፊት ገብቶ ከውስጥ ይቀመጣል፤ የአምባ ጊዮርጊሱ በሩ ላይ ይሆናል። ይህ ከተዛባ አምባ ጊዮርጊስ ላይ በወገራ ዝናብ ግማሹ ጭነት መሬት ይወርዳል። የወረደውም ሁሉ አይመለስም፤ አንዱ እዚያው ይረሳል፣ አንዱ ረጥቦ ጽሕፈቱ ይጠፋል።

ከሩቅ አገር ያገኘሁት ትምህርትም አለ። በ1961 እ.ኤ.አ. ጃፓናዊው መሐንዲስ ሺጌዎ ሺንጎ ያማዳ ኤሌክትሪክ የተባለ ፋብሪካ ገባ። ሠራተኞቹ ሁለት ጥቃቅን ሞላዎች ያሉት ማብሪያ ማጥፊያ ይገጣጥማሉ፤ አንዳንዴ ግን አንዱን ሞላ ይረሱታል። ኃላፊዎቹ «ተጠንቀቁ» ሲሉ ኖረዋል። ሺንጎ ያደረገው ትንሽ ነገር ነው። ሁለቱ ሞላዎች በቅድሚያ ትንሽ ሳህን ላይ እንዲቀመጡ አዘዘ። ሥራው ሲያልቅ ሳህኑ ላይ ሞላ ከቀረ መረሳቱ እዚያው ይታያል። ይህን ዓይነቱን ዘዴ መጀመሪያ «ባካ ዮኬ» ይሉት ነበር፤ የሞኝ መከላከያ ማለት ነው። ቃሉ ሠራተኛን የሚያዋርድ ሆኖ ስለተገኘ «ፖካ ዮኬ» በሚል ተተካ፤ ሳይታሰብ የሚመጣ ስህተት መከላከያ እንደ ማለት። የስሙ መለወጥ ከዘዴው እኩል አስተምሮኛል።

እኛም የራሳችንን ሳህን አበጀን። እያንዳንዱ ካርቶን ቅርጹ የታተመበት ተቀዳጅ ወረቀት ይለጠፍበታል። ዕቃው መኪና ሲገባ ወረቀቱ ተቀድዶ በሩ ላይ በተንጠለጠለ ጣሳ ውስጥ ይጣላል። በር ከመዘጋቱ በፊት ጣሳው ይገለበጣል። ዝርዝሩ 62 ብሎ ጣሳው 61 ካወጣ አንድ ዕቃ ወለሉ ላይ ቀርቷል ማለት ነው። በሦስት ማዕዘኖቹ መሐል ክብ ከተገኘም የሌላ መስመር ዕቃ ተሳፍሯል። ቆጣሪው ሲቆጥር ስልክ አያነሣም፤ ሌላውም አያናግረውም። ሾፌሩ ቢቸኩልም ይጠብቃል። አባቶች «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት እኮ ለእንዲህ ያለው ሌሊት ነው።

ድምፅም ጨምረናል። አንዱ ከዝርዝሩ ይጠራል፤ ዕቃውን ያነሣው ከካርቶኑ ላይ ያነበበውን መልሶ ይናገራል። «እሺ» አይበቃም። እሺ የሚል ሰው ሳይሰማም እሺ ሊል ይችላል፤ መልሶ የሚጠራ ግን ዓይኑን ወረቀቱ ላይ ሳያሳርፍ አያልፍም። ማንበብ ለሚከብደው ጓዱ ያነብለታል፤ እርሱ ቅርጹን ይናገራል።

ከሁሉ የከበደኝ የቅጣቱን ልማድ መተው ነው። ሒሳብ የሚቆረጥበት ሰው ስህተቱን ይደብቃል። የተደበቀው ስህተት ደግሞ የሰው መድኃኒት፣ የተማሪ ማስረጃ፣ የሙሽራ ልብስ ይዞ ነው የሚሰወረው። ስለዚህ በሩ አጠገብ አንድ ደብተር ሰቀልን። ለጥቂት የዳነ ስህተት ሁሉ እዚያ ይጻፋል፤ ስም አይጠየቅም። በሳምንት አንድ ቀን ሻይ እየጠጣን እናነበዋለን። የምንጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይህ ስህተት ነገ ለሌላ ሰው እንዳይደገም ምን እናንሣ፣ ምን እናስቀምጥ? የደብተሩን የመጀመሪያ ገጽ የሞላሁት እኔ ነኝ። የፕላስተሩን ታሪክ ጻፍሁበት።

ስህተት ፈጽሞ ጠፋ አልልም። ዝናብ፣ ድካምና ጨለማ ዛሬም አሉ። ዕቃው ግን ተሳስቶ እስቴ ከመድረሱ በፊት እዚሁ በራችን ላይ ይያዛል። ስህተታቸውን ሳይፈሩ የሚነግሩኝ ሰዎችም አሉኝ።

ሰሞኑን ሌሊት ከዚያው ልጅ ሌላ ካርቶን መጣ። ሽማግሌው አነሡት፤ ወደ ብርሃኑ አስጠግተው ጎኑን አገላብጠው አዩት። ከዚያም ለጠሪው ብቻ ሳይሆን መጋዘኑ በሙሉ እንዲሰማ ጮክ ብለው «ጃናሞራ! መካነ ብርሃን! ሦስት ማዕዘን!» አሉ። ወረቀቷን ቀድደው ጣሳው ውስጥ ጣሏት። እኔም ዝርዝሩ ላይ ምልክት አደረግሁ።