የምድራችን ስሞች በመዝገብ

ለነጋዴዎችና ለማኅበራት ድረ ገጽ መሥራትና የዶሜይን ስም ማስመዝገብ መተዳደሪያዬ ከሆነ ወዲህ፣ ስም መሰብሰብ በብዛት ሳይሆን በመምረጥ የሚፈጸም ጥበብ መሆኑን እየተረዳሁ መጥቻለሁ፤ አንድ ቀን ገዥ ይመጣለታል እያለ ያገኘውን ሁሉ የሚያከማች ሰው፣ የማደሻው ዶላር ባነሰው ጊዜ የቱን እንደሚያስቀር፣ የቱንስ እንደሚለቅ አያውቅምና። ስለዚህ የእኔን ስብስብ በአንድ ሐሳብ፣ ይኸውም በምዕራብ ጎጃም ምድር ፍሬ ላይ ብቻ አቆምሁት፤ በርበሬ፣ በቆሎ፣ ጤፍና ማር ከሚመረቱበት ወረዳ ስም ጋር እየተጣመሩ፣ አንዱ ስም ሌላውን እንዲያስታውስ ሆነው ተመዘገቡ።

ሥራው የሚከብደው ስሙን ከመጻፉ ላይ ነው። የቡሬን በርበሬ የሚነግድ አንድ ደንበኛዬ ሲመጣ፣ «በርበሬ» በላቲን ፊደል የሚጻፍባቸውን መንገዶች ሁሉ በወረቀት ላይ ደርድሬ ሳሳየው፣ ምንም ሳይናገር ከሱቁ ባዶ ጆንያ አስመጣና በቀለም የታተመውን ጽሑፍ በጣቱ አመለከተኝ፤ አዲስ አበባ ያሉት ደንበኞቹ ለዓመታት ያነበቡት ያን ነበርና እርሱን ዋና አድርገን፣ ሰው በስሕተት ሊጽፋቸው የሚችላቸውን ሁለቱን ደግሞ ወደ ዋናው እንዲመሩ አስመዘገብን። በራሳችን ፊደል ማስመዝገብም ይቻላል፤ ነገር ግን «ፍኖተ ሰላም» በእሳቱ ሰና በንጉሡ ሠ ሲጻፍ ለአንባቢ አንድ ከተማ ሲሆን ለኮምፒዩተር ሁለት ልዩ ልዩ አድራሻ ስለሆነ፣ ሞክሼ ፊደል ያለበትን ስም የሚይዝ ሰው ሁለቱንም መያዝ ይገባዋል።

አያቶቹ ርስት ሲቆጥሩ የኖሩ የጎጃም ሰው ስም ገዛሁ ሲል ለዘለዓለም የያዘው ይመስለዋል፤ ዶሜይን ግን ርስት አይደለም፤ ዶት ኮምን የመሳሰለው ቢያንስ ለ1፣ ቢበዛም ለ10 ዓመት የሚያዝ ነው። ሳይታደስ ቀርቶ ከተሰረዘ በኋላ 30 ቀን የመቤዠት ጊዜ አለው፤ ያም ካለፈ በ5 ቀን ውስጥ ለመጣው ሁሉ ይለቀቃል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት መጨረሻ የክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜ የመዝገቡ ቀን ስላልቆመልን፣ ጊዜያቸው የደረሰውን ስሞች አዲስ አበባ ላለ ባልደረባዬ በስልክ እያነበብሁለት እርሱ ያድስልን ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ዋና ዋናዎቹን ለረጅም ዓመት አስቀድሜ እከፍላለሁ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን የቦታ ስም ነው። ኢትዮጵያ በ1997 ዓ.ም. የይርጋጨፌን፣ የሐረርንና የሲዳሞን የቡና ስም በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጋ ለማስመዝገብ ባመለከተች ጊዜ ከቡና ሻጩ ኩባንያ ከስታርባክስ ጋር የተነሣው ክርክር በሰኔ 1999 ዓ.ም. በስምምነት ተፈጽሟል፤ ለዚያ ክብር የበቁት ግን መንግሥት የቆመላቸው ስሞች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1999 የጸደቀው የዶሜይን ሙግት ሥርዓት የሚሰማው የንግድ ምልክት ያለውን አቤት ባይ ስለሆነ፣ ምልክት ያልሆነ የመንደር ስም በዚያ ችሎት ጠበቃ የለውም። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ልብ ወለድ የዋናውን ገጸ ባሕርይ የበዛብህን ትውልድ በምድራችን በማንኩሳ ስላደረጉ፣ ስፍራውን በዓይኑ ያላየ አንባቢ ሁሉ ስሙን ያውቀዋል፤ ስለዚህም በንግድ ዓይን ሲታይ ከስብስቤ ሁሉ ላቅ ያለ ዋጋ ሊያወጣ የሚችል ስም ነው። ይሁን እንጂ የበርበሬን ስም ለነጋዴ መሸጥ ሙያዬ ሲሆን፣ ማንኩሳን ብቻውን ይዞ ከማንኩሳ ሰዎች ገንዘብ መጠበቅ ግን ሕግ ባይከለክለውም ኅሊናዬ አይፈቅደውም።

ስለዚህ የአገር ስም ሊያስመዘግብ ለሚመጣ የወረዳ ሹም ወይም የኅብረት ሥራ ማኅበር የምመክረው ይህ ነው፦ በነጥብ ኢቲ ያለውን በብር፣ በዶት ኮም ያለውን በዶላር ሁለቱንም ያስመዝግብ፤ የባለቤትነቱ ቦታ ላይ የሠራተኛ ስም ሳይሆን የመሥሪያ ቤቱ ስም ይጻፍ፤ የማደሻው ማሳሰቢያ የሚላክበት ኢሜይልም ሠራተኛው ሲዛወር አብሮት የማይሄድ፣ የመሥሪያ ቤቱ የራሱ ይሁን።