ደስታንና ድልን የሚገልጹ የእንግሊዝኛ ግሶች

ደስ ያለው ሰው ኹሉ አይፈነጥዝም፤ ድል ያደረገም ኹሉ አይፎክርም። አማርኛ ለእያንዳንዱ ደስታ ልዩ ቃል እንዳለው ኹሉ እንግሊዝኛም እንደዚሁ አለው። መምህር ኹሉንም «ደስ አለው» ብሎ ቢተረጕም፥ ተማሪው አመሰግናለሁ ሲል ሰድቦ ይገኛል።

ፊተኛው ግስ «ሪጆይስ» ነው፤ ሐሤት አደረገ ማለት ነው። ኖርማኖች በፈረንጆች አቈጣጠር በ1066 ዓ.ም. እንግሊዝን ድል አድርገው ከያዙ በኋላ ከፈረንሳይኛ ከገቡት ቃላት ወገን ነው። በ1611 ዓ.ም. በታተመው በእንግሊዝኛው መጽሐፍ ቅዱስ ብዙ ጊዜ ይገኛል፤ ስለዚህ የክብር ቃል ነው እንጂ የገበያ ቃል አይደለም። በተራ ንግግር እንግሊዛዊ «አይ አም ግላድ» ይላል።

ኹለተኛው «ኤግዛልት» ነው። በላቲን ሥሩ ዘለለ ማለት ነውና፥ ልብን የሚያዘልል ደስታን ያሳያል፤ በአማርኛ ቦረቀ፥ ፈነጠዘ ከሚለው ጋራ ይቀራረባል።

ሦስተኛው «ትራያምፍ» ነው። በጥንት ዘመን የሮማ ጦር አለቃ ድል አድርጎ ሲመለስ ምርኮውንና ምርኮኞቹን አስቀድሞ፥ በሠረገላ ኾኖ ወደ ከተማ የሚገባበት ሥርዐት በዚህ ስም ይጠራ ነበር። ስለዚህ ይህ አንድ ቃል ድሉንም የድሉንም ደስታ ይይዛል።

ከዚህ በኋላ የሚመጡት ኹለቱ ጥንቃቄ ይሻሉ። «ክሮው» የአውራ ዶሮ ጩኸት ነው፤ ለሰው ሲነገር ባገኘው ድል ጮኾ ተመካ ማለት ይኾናል። መምህሩ ግን ፎከረ ብሎ አይተርጕመው፤ በአገራችን ፉከራ የጀግና ክብር ነው፥ «ክሮው» ግን ነቀፌታ አለበት። «ግሎት» ከዚህ ይከፋል፤ በሌላው ሰው ውድቀት ወይም ጉዳት መደሰት ነውና። ጎረቤቱ ከሕመም ሲድን ደስ የሚለው ሰው «ሪጆይስ» ይባልለታል፤ ጎረቤቱ ሲታመም ደስ የሚለው ግን «ግሎት» ይባልበታል።

ግሱን የሚከተለው አገባብም ትርጕሙን ይመራል። «ሪጆይስ ዊዝ» ከሰው ጋራ አብሮ መደሰት ነው። «ትራያምፍ ኦቨር» በጠላት ወይም በችግር ላይ ድል ማድረግ ነው። «ኤግዛልት ኢን» በነገሩ መፈንጠዝ ሲኾን፥ «ኤግዛልት ኦቨር» በተሸነፈው ሰው ላይ ሲነገር ወደ መታበይ ያዘነብላል።

ስለዚህ መምህር ግሱን ብቻ አያስጠና። ተማሪውን፦ ደስ ያለው ማን ነው? በምን ደስ አለው? በደስታው የሚያዝን ሰው አለን? ብሎ ይጠይቀው። ተማሪው ይህን ከመለሰ ተገቢውን ግስ ለመምረጥ አይቸገርም፤ ቋንቋንም ከጨዋነት ጋራ ይማራል።