«ኤ ፎር አፕል» በእንጅባራ፦ የሚናገሩ መጫወቻዎች ገበያና የወላጆች ሒሳብ

በእንጅባራ ከተማ በአስፋልቱ ዳር ካሉት የልዩ ልዩ ዕቃ መደብሮች ወደ አንዱ ጎራ ያለ ሰው፣ ከፕላስቲክ ጫማው፣ ከደብተሩና ከቴርሞሱ በላይ በላስቲክ ተጠቅልላ የተንጠለጠለች ሮዝ «ላፕቶፕ» ሳያይ አይወጣም። ቁልፏን ሲጫኗት በሴት ድምፅ «ኤ ፎር አፕል» ትላለች፤ ትዘፍናለች፤ መብራቷ ብልጭ ድርግም ይላል። ባለሱቁ ለገዢ የሚያሳያት በራሱ የባትሪ ድንጋይ ነው። ዕቃዋ ስትሸጥ ድንጋዩን አውጥቶ ለሚቀጥለው ማሳያ መሳቢያው ውስጥ ይመልሰዋል። ይህን ገበያ ለመረዳትም ከድንጋዩ መጀመር ሳይሻል አይቀርም።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ራሱ ከገዢዎቹ አንዱ ነበር። እንጅባራ ለምትኖረው እህቱ የአራት ዓመት ልጅ ከአዲስ አበባ መርካቶ አንዷን ገዝቶ ወሰደ። በመጀመሪያው ሳምንት የሰፈሩ ሕፃናት ተሰልፈው ተራ ይጠብቁባት ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ድምፅዋ እየተንቀራፈፈ ሴትዮዋ ወንድ መሰለች። በአራተኛው ሳምንት አንድ ምሽት መብራት ጠፋና እህቴ ድንጋዮቹን አውጥታ የእጅ ባትሪው ውስጥ ከተተቻቸው። ከዚያ ወዲህ መጫወቻዋ ዝም እንዳለች ናት።

መጀመሪያ ቅር ብሎኝ ነበር። ኋላ ሳስበው ግን እህቴ ያደረገችው ትክክለኛ ምርጫ ነው። በአንድ ቤት ውስጥ የእጅ ባትሪው፣ ራዲዮውና መጫወቻው በአንድ ዓይነት ድንጋይ ሲሻሙ፣ የትኛው ቅድሚያ እንደሚያገኝ ለመገመት ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም።

ሒሳቡን እንሥራው። አንድ መጫወቻ ሦስት ትናንሽ ድንጋዮች ይወስዳል፣ ልጁም በየወሩ ይጨርሳቸዋል እንበል። በዓመት 36 ድንጋይ ነው። አንባቢ በሰፈሩ ሱቅ ባለው የአንድ ድንጋይ ዋጋ ያባዛውና ከመጫወቻው ዋጋ ጋር ያስተያየው። ዕቃውን ስንገዛ የምንከፍለው መግቢያውን ብቻ ነው፤ ክፍያው ከዚያ በኋላ ይቀጥላል። በየገበያው የሚሸጠው ርካሹ ድንጋይ ደግሞ ቶሎ ከመድከሙም በላይ፣ ደክሞ ሳይወጣ ከቆየ ውስጡ ያለው ኬሚካል እየፈሰሰ የመጫወቻውን ሽቦ ይበላዋል። የራዲዮ ጠጋኞች ዘንድ ከሚመጡት መጫወቻዎች የብዙዎቹ በሽታ ይኸው ነው። ቺፑ ከተበላሸ ደግሞ መለዋወጫ የሚባል ነገር የለም።

ለመሆኑ ወላጁ ለምን ይገዛዋል? በዳንግላና በእንጅባራ ያነጋገርናቸው ወላጆች መልስ ከሞላ ጎደል አንድ ነው፦ እንግሊዝኛ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ሲፈቅድ፣ እንግሊዝኛን ደግሞ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት፣ ከሁለተኛ ደረጃ አንስቶ እንደ ማስተማሪያ ቋንቋ አስቀምጦታል። ወላጁ ይህን ደረጃ ከሩቅ ያየዋል። ልጁ 9ኛ ክፍል ሲደርስ የሚገጥመውን ግድግዳ ዛሬ በአራት ዓመቱ መውጣት ቢጀምር ምን ይጎዳል ብሎ ያስባል። አንድ የዳንግላ የመንግሥት ሠራተኛ መጫወቻውን የገዙት ለጨዋታ እንዳልሆነ፣ ልጃቸውን የግል መዋዕለ ሕፃናት ሲያስገቡ ከከተማ ልጆች እንዳያንስ ብለው እንደሆነ አልሸሸጉም። ልጁ ከኤ እስከ ዜድ ያለውን ዜማ በሦስት ቀን ያዘው። ወረቀት ላይ ተጽፎ ሲያሳዩት ግን «ኤም»ን ከ«ደብሊው» አይለይም። ዜማውን እንጂ ፊደሉን አልተማረም።

ከሁሉ የሚያስገርመው የቋንቋው ነገር ነው። በአዊ የብዙ ልጆች የቤት ቋንቋ አዊኛ ነው፤ በዞኑ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችም ማስተማሪያ ሆኖ ይሠራል፤ የሚጻፈውም በግዕዝ ፊደል ነው። በገበያና በመሥሪያ ቤት አማርኛ አለ። ከቻይና የመጣው መጫወቻ ከሁለቱ አንዱንም አይናገርም። የሚናገረው እንግሊዝኛ፣ ያውም «አይ ፎር ኢግሉ» የሚል እንግሊዝኛ ነው። ኢግሉ በበረዶ አገር ያሉ ሰዎች ከበረዶ ጡብ የሚሠሩት ቤት ነው። የእህቴ ልጅ ሥዕሉን አይታ የሣር ጎጆ መሰላት፤ በእኔ አስተያየት ከመጫወቻው ይልቅ ልጅቷ ሳትቀርብ አትቀርም።

የአማርኛውንስ ለምን አያመጡልንም የሚለውን ጥያቄ ከብዙ ወላጆች ሰምተናል። መልሱ ያለው በፋብሪካው ሒሳብ ውስጥ ነው። የሰው ድምፅ በአንዲት ቺፕ ተቀነባብሮ የሚናገርበት የልጆች መማሪያ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1978 የአሜሪካው ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ «ስፒክ ኤንድ ስፔል» የተባለውን ዕቃ ባወጣበት ጊዜ ነው። ያኔ ውድ ነበር። ከዚያ በኋላ እንደ ሆንግ ኮንጉ ቪቴክ ያሉ ኩባንያዎች ገበያውን አሰፉት፤ ቪቴክ እ.ኤ.አ. በ2016 ዋና ተፎካካሪውን ሊፕፍሮግን በ72 ሚሊዮን ዶላር እስከ መግዛት ደርሷል። ከእነሱ ሥር ደግሞ ስም የለሽ የቻይና ፋብሪካዎች ተመሳሳዩን በርካሽ ያመርታሉ። ወደ እኛ የሚመጣው በአብዛኛው ይኸኛው ነው።

በርካሹ ዕቃ ውስጥ ድምፁ ቺፑ ላይ የሚሰፍረው ፋብሪካ ውስጥ አንዴ ነው፤ በኋላ አይቀየርም። የፕላስቲኩ ቅርጽ ማውጫና የድምፅ ቀረጻው ወጪ አንድ መጫወቻ ተመረተ አንድ ሚሊዮን ያው ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪው መጫወቻ ይህን ወጪ ለዓለም ገበያ ያካፍለዋል። 26 ቁልፍ ብቻ ስለሚበቃውም ሰሌዳው ትንሽ ነው። የእኛ ፊደል 33 በ7 ሲባዛ 231 ነው፤ ዲቃላዎቹን ሳንቆጥር። ለአዊኛ ደግሞ ይህም አይበቃም፤ ተናጋሪዎቹ የቋንቋቸውን ስም ሲጠሩ መካከል ላይ በአፍንጫ የሚያሰሙት ድምፅ በአማርኛ ገበታ ላይ ራሱን የቻለ ቦታ የለውም። ለዚህ የሚሆን ቅርጽና ድምፅ ለማዘዝ ደፍሮ ዶላሩን የሚያወጣ አስመጪ ብዙ ሺህ ገዢ አስቀድሞ ማየት ይፈልጋል። ገዢው ደግሞ ዕቃውን ሳያይ አይገኝም። ገበያው በዚህ ክብ ውስጥ ይሽከረከራል።

በአገር ቋንቋ ለልጆች መሥራት አይቻልም ማለት ግን አይደለም። «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተሰኘው፣ ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤቷ የጀመሩት የአሻንጉሊት ዝግጅት ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በአማርኛ ቀርቦ፣ የስድስት ዓመቷን ቀጭኔ ፀሐይን የአገር ልጅ አድርጓታል። የቴሌቪዥን ጥቅሙ አንዴ የተሠራው ለሁሉም መድረሱ ነው። ፕላስቲኩ ግን በፍሬ ይሸጣል።

በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2012 «ዋን ላፕቶፕ ፐር ቻይልድ» የተባለው ድርጅት በኦሮሚያ በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ትምህርት ቤት በሌለባቸው ሁለት መንደሮች ለሚኖሩ ሕፃናት ታብሌቶችን በካርቶን አሽጎ ያለ መምህርና ያለ መመሪያ አስቀምጦላቸው ነበር። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንደተናገሩት፣ ልጆቹ በደቂቃዎች ውስጥ ማብሪያውን አገኙት፤ በሁለት ሳምንትም የኤቢሲ ዜማ ይዘምሩ ነበር። ዓለም አደነቀ። የልጅ ብልሃት በእርግጥ የሚደነቅ ነው። ነገር ግን የዳንግላው አባት ካዩት ጋር ስናነጻጽረው ዜማው ቀድሞ የሚመጣ መሆኑን እንረዳለን፤ ጥያቄው ከዜማው በኋላ ያለው ነው።

ከዜማው በኋላ ያለውን ለማየት በአሜሪካ የሰሜን አሪዞና ዩኒቨርሲቲዋ ተመራማሪ አና ሶሳ በ2015 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት ይጠቅማል። ከ10 እስከ 16 ወር ዕድሜ ያላቸው 26 ሕፃናት ከወላጆቻቸው ጋር ሲጫወቱ ድምፃቸው ተቀዳ። ወላጆች መጽሐፍ ይዘው በደቂቃ 67 ያህል ቃላት፣ በተለመደው መጫወቻ 56፣ በሚናገረው መጫወቻ ግን 40 ያህል ብቻ ተናገሩ። ዕቃው ሲናገር ወላጁ ዝም ይላል ማለት ነው። ጥናቱ የተደረገው መጫወቻውና እናቲቱ በአንድ ቋንቋ በሚናገሩበት አገር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

ያም ሆኖ ወላጁን ሞኝ አድርጎ መሳል ፍትሐዊ አይሆንም። አንዲት ድንች ነጋዴ እናት መጫወቻው ልጃቸውን እንግሊዝኛ አስተማረው አላሉንም፤ ሚዛን ላይ ሳሉ ልጁን ከአስፋልቱ አርቆ አንድ ሰዓት አስቀመጠልኝ ነው ያሉት። ይህ በገንዘብ የሚተመን አገልግሎት ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በደረሰው ግጭት በርካታ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ፣ የሞባይል ኢንተርኔትም ለረዥም ጊዜ ተቋርጦ በስልክ የሚታየው የልጆች ፊልም ሲጠፋ፣ ኔትወርክ የማይፈልገው መጫወቻ ለብዙ ቤት የቀረው አማራጭ ነበር። መንገዱ ሲዘጋ ዕቃው አይመጣም፤ ሲከፈትም ዋጋው እንደነበረ አይጠብቅም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ማለፉ ከውጭ በሚመጣ ፕላስቲክ ሁሉ ላይ አርፏል።

ወላጅ ሊጠነቀቅበት የሚገባው አንድ ነገር አለ። አንዳንዶቹ ትናንሽ መጫወቻዎች የሚሠሩት በሰዓት ባትሪ፣ በዚያች ክብ እንደ ሳንቲም ባለች ብረት ነው። ሕፃን ከዋጣት በጉሮሮ ላይ ተጣብቃ በሁለት ሰዓት ውስጥ ከባድ ቃጠሎ ልታደርስ ትችላለች፤ መጀመሪያ ላይ ምልክት ላይታይ ይችላል። ስለዚህ የባትሪው ክዳን በብሎን የማይታሰር ዕቃ ከሆነ አለመግዛት ነው። ተዋጠች ተብሎ ከተጠረጠረ ጠብቆ ማየት አይገባም፤ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል። ካርቶኑ ላይ ማስጠንቀቂያው ቢኖርም የተጻፈው በቻይንኛና በእንግሊዝኛ ነው።

በዕቃው በጣም የረኩ ሆነው ያገኘናቸው አንዲት የእንጅባራ መምህርት ናቸው። እሳቸው ድምፁን ያጠፉታል። ማታ ማታ ልጃቸውን አጠገባቸው አስቀምጠው ሥዕሎቹን እያሳዩ ስማቸውን በአዊኛ ያስጠሩታል፤ ቀጥለው በአማርኛ፣ በመጨረሻ በእንግሊዝኛ። ድንጋይ የሚቀይሩት በዓመት አንዴ ነው። ለዚህ ለዚህማ የወረቀት ሥዕል አይበቃም ወይ ብንላቸው፣ ልጁ ወረቀት ቢሰጡት አንድ ቀን እንደማይቆይ፣ ይህን ግን «ላፕቶፕ» ስለሆነ ራሱ አምጥቶ እንደሚቀመጥ ነገሩን። የሚከፍሉት ለማባበያው ነው ማለት ነው።

እንጅባራ የቀርከሃ አገር ናት፤ በመንገዱ ዳር ወንበርና ቅርጫት የሚሠሩት እጆች 231 ፊደል የተቀረጸባቸው የቀርከሃ ጠፍጣፎች መሥራት የሚያቅታቸው አይመስለኝም። ለአዊኛው የሚጨመሩትም አይከብዷቸውም። ገዢ ይኑረው አይኑረው ግን የሞከረ አላጋጠመንም። ፊደል ገበታው ራሱ፣ ያ የኔታ በስንደዶ እየጠቆሙ ያስቆጠሩን ወረቀት፣ ከሮዟ «ላፕቶፕ» ጎን በዚያው ሱቅ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይሸጣል።

የእህቴ ልጅ ዝም ያለችውን ላፕቶፕ አልጣለቻትም። ክዳኗን ከፍታ የሰፈሩን ልጆች ፊት ለፊቷ ታስቀምጥና መምህር ትሆናለች፤ ድምፁን ራሷ ታወጣለች፣ ግማሹን በአዊኛ። እህቴ በሚቀጥለው ስመጣ ድንጋይ እንዳመጣ አዛኛለች። ለምኑ ብላት ለራዲዮዬ አለችኝ።